በከማሉ ገጽ ላይ የሚታየው ሰሊጥ

የተከበሩ ነጋዴዎችን ስም የሚያነሳ ነገር መጻፍ ነውር ነው፤ ይቅርታ ይደረግልን። የምንጽፈው ለትምህርት ብቻ ነው። ሳቅ ያመለጠው አንባቢ ራሱን ይውቀስ።

ከማሉ በሱዳኑ የገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ አሥራ አንድ ዓመት በደላላነት ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ዱካን፣ ማለትም ሱቅ፣ ተከራየ። ዱካኑ ውስጥ ሚዛንና ወንበር እንጂ ሰሊጥ እምብዛም አልነበረም። ይህ አላሳፈረውም። በዚያ ገበያ ደላላ ገዢ ሲያይ ከጎረቤት ጆንያ አንድ እፍኝ ይዘግንና «የእኔ ነው፣ ቅመሰው» ይላል፤ ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገረው ገዢው ከተስማማ በኋላ ነው። ይህን ሌብነት የሚለው ያልሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

ያን ዓመት ኢሀብ የተባለ የፖርት ሱዳን ሰሊጥ ላኪ፣ «ዘንድሮ የማነጋግረው በኢንተርኔት ፈልጌ ያገኘሁትን ነጋዴ ነው» ብሎ አስወራ። ይህ ገዢ ካመለጠው ከማሉ ዱካኑን አስረክቦ ወደ ፀሐዩ መመለሱ ነው። እዚያው ሱዳን ተወልዶ ያደገውን የኢንተርኔት ቤት ባለቤት፣ ሙዳሲርን አስጠራ።

«ገጽ ሥራልኝ።»

«ምን ልጻፍበት፣ ያ ዐሚ?» አለ፤ «አጎቴ ሆይ» ማለቱ ነው።

«መጻፍ ምን ያደርጋል? የዚያች የጎረቤቴ የደብሪቱ ገጽ አለ አይደል? የሰሊጥ ክምሩም መጋዘኑም ያለበት? እሱን አሳይልኝ።»

ሙዳሲር ትከሻውን ሰበቀ። ከላይ የከማሉን ስምና ስልክ ጻፈ፤ ከሥር ፍሬም ከፈተና የደብሪቱን ገጽ ከነክምሩ አስገባበት። ስሟን ከፍሬሙ ጠርዝ በላይ ገፍቶ ደበቀው።

ከማሉ ሦስት ቀን እንደ ባለ መጋዘን ተራመደ። በአራተኛው ቀን ከሙዳሲር ጋር «የገዳሪፍ ሰሊጥ» ብለው በኢንተርኔት ፈለጉ። እስከ ሰባተኛው ገጽ ቢወርዱ ከማሉ የሚባል ሰው የለም። ከሁሉ በላይ ግን «ንጹሕ የገዳሪፍ ሰሊጥ» የሚል ገጽ ተቀምጧል።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የሰሊጡ ባለቤት ነዋ! ፍሬም ማለት መስኮት ነው፣ ያ ዐሚ። በመስኮትህ የሰው ግቢ ቢታይህ ግቢው ያንተ ይሆናል? ፈላጊው ማሽን በፍሬም የገባውን የሚቆጥረው ለምንጩ ነው። ላንተ የሚቆጥርልህ ስምህንና ስልክህን ብቻ ነው።»

«ደብሪቱ ናት በለኛ! ስንት አጎረሰችህ?»

«ወላሂ ምንም። ልክፈተውና እየው።»

«እንዳትከፍተው! በከፈትነው ቁጥር ከፍ ይልላታል።»

ጉዳዩን በዚህ ጥበብ ከመረመረ በኋላ ወደ ደብሪቱ ሄደ። ከጎንደር መጥታ በጆንያ ንግድ ያረጀች ሴት ናት፤ ከማሉ ፊደል መቁጠሯን እንኳ ይጠራጠራል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ገዢዬን ልትቀሚኝ ነው?»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ መጣህ? ገጼን ደጃፍህ ላይ ለጥፈህ እኔን ቀማኛ ትለኛለህ?»

«ያንቺ መሆኑን ማን አወቀ?»

«ማሽኑ አውቆታል አሉ» አለች እየሳቀች። «ለእኔ ይበቃኛል።»

ኢሀብ ሐሙስ ረፋድ ላይ መጣ። ከማሉ የወንበሩን አቧራ አራግፎ አስቀመጠው፤ ሙዳሲር ላፕቶፑን ከፈተ። ገጹ እንደ ታየ ደብሪቱ ነጠላዋን እየደረበች ደረሰች።

«ይህ ሰሊጥ የእኔ ነው» አለ ከማሉ ፈጥኖ። «ወላሂ፣ ሀዋታ ካለው እርሻዬ የገባ!»

«ውሸታም! ያስከመርኩት እኔ፣ ፎቶውን ያስነሳሁት እኔ! የእኔን ገጽ ክፈትለት።»

ሙዳሲር ከፈተ። መጀመሪያ የደብሪቱ ስም ብቻውን ወጣ፤ ክምሩ ትንሽ ዘግይቶ ከሥሩ መጣ።

ኢሀብ መነጽሩን አድርጎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ቀጥሎ ሁለቱን ነጋዴዎች ተራ በተራ ተመለከተ።

«ይህ ፖርት ሱዳን ያለው መጋዘኔ ነው» አለ፤ «ሁለታችሁም በመስኮት የምታሳዩት ‹ንጹሕ የገዳሪፍ ሰሊጥ› የሚለው ገጽም የእኔ ነው።»

ይህ ነገር ከዚህ እንዳያልፍ አደራ፤ ሁለቱም ገና ገዢ ይፈልጋሉ።