ለዓይን ሞራ

ፊደል ካዕብና ሳልስ ካወጣ ገና መቶ ዓመት ሳይሞላው፣ የአንድ ገዳም መምህር ዓይናቸውን ሞራ ይጋርዳቸው ጀመር። መድኃኒቱን የሚናገር መጽሐፍ እንዳለ ሁሉም ሰምቷል፤ አየሁት የሚል ግን የለም። የገዳሙ ጸሐፊ፣ ከራሱ እጅ ጽሕፈት በቀር የማንንም የማያደንቅ ሰው፣ መጽሐፉን ከሌላ ገዳም በደብዳቤ ሊለምን ተነሣ። አዲስ ብራና ስላልነበረ ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ጥራዝ አውጥቶ የመጀመሪያውን ቅጠል በድንጋይ ይፍቅ ጀመር።

«ምንድን ነው የምትፍቀው?» አሉ የኔታ ድምፁን ሰምተው።

«የድሮ ጽሑፍ ነው፣ የኔታ። ካዕብ የለው፣ ሳልስ የለው፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።»

«እስቲ ፊደሉን አንድ ባንድ ጥራልኝ፤ የድሮውን እኔ ለምጄዋለሁ።»

«ይተዉት፣ አይድከሙ። እኛ ቁም ነገር ይዘናል።»

ቁም ነገሩን አሳምሮ ጽፎ በነጋዴ እጅ ላከ። መልስ ሲዘገይበት ሁለተኛ ጻፈ፣ ሦስተኛ ጻፈ፣ አራተኛም። ጥራዙ አምስት ቅጠል ብቻ ነበር። አምስተኛውን ፍቆ እንዳበቃ መልሱ ደረሰና፣ ደስ ብሎት ለየኔታ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ገባ፦

«ወንድማችን ሆይ፣ መጽሐፉ ከእናንተ በቀር የትም የለም። የላክህልንን ብራና ፀሐይ ላይ ብንይዘው፣ ከጽሕፈትህ ሥር ‹ለዓይን ሞራ› የሚል አርእስት አገኘን። የቀረውን ግን በርትተህ ፍቀኸዋል። እባክህ፣ የተረፈ ቅጠል ካለ አትንካው።»

የኔታ እጃቸውን ሰደዱና አምስተኛውን ቅጠል ቀስ አድርገው ዳሰሱት።

«እንዴት ልስልስ ብሏል፣ ልጄ» አሉ።