ቀይዋን ተጫኚልኝ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህር ጌጤነህ እስክሪብቶዬን ወሰድሽ ብለው በልጆቹ ሁሉ ፊት «ሌባ» አሉኝ። አልወሰድኩም። ያን ቀን ከክፍል እንደወጣሁ በዚያው ትምህርቴን ተውኩ። ቂሙን ሠላሳ ዓመት ይዤ ኖርኩ። አሁን እዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ እሳቸውም ገና እዚያው ያስተምራሉ፤ ሰላምታቸውን በግማሽ አፌ ነው የምመልስላቸው።

ዘንድሮ መምህራኑ በታብሌት ማስተማር እየሰለጠኑ ነው። እያንዳንዱ ሲያስተምር ተቀርጾ ነገ በሁሉም ፊት ይታያል፤ ቅጂውን ያላመጣ ሥልጠናውን ወደቀ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተቀራረጹ። መምህር ጌጤነህ የሚቀርጻቸው አጡና እኔን ጠሩኝ።

«ብርቄ፣ እባክሽ፣ ይቺን ቀይዋን ብቻ ተጫኚልኝ።»

«እሺ» አልኩ። የመቅረጫዋን ቁልፍ ግን አልተጫንኳትም። እርስዎም በሰው ፊት ማፈርን ይቅመሷት ብዬ በልቤ፣ ታብሌቱን ደግፌ ቆምኩ።

ኮታቸውን ቆለፉና ወደ ታብሌቱ አዩ።

«ባልደረቦቼ፣ ከትምህርቱ በፊት አንድ ነገር ስሙኝ። ይቺን የምትቀርጸኝን ሴት፣ ልጅ ሳለች ሌባ ብያታለሁ። እስክሪብቶው በሳምንቱ ከኮቴ ገበር ውስጥ ተገኘ። ኪሴ ተቀዶ ነበር። አፍሬ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። በሰው ፊት ነው ያዋረድኳት፤ በሰው ፊት ልናገር። ብርቄ ሌባ አይደለችም።»

ከዚያ ክፍልፋይ አስተማሩ። ሲጨርሱ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ተቀረጸልኝ፣ ልጄ?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። እንቢ አለኝ።

«መምህር፣ አልተጫንኳትም። ሆን ብዬ ነው። እንደገና ይጀምሩ» አልኩና ቀይዋን ተጫንኩ።