ግድግዳው ላይ ያለው ልብ

ሳይንስ ሲሳሳት ይታረማል ይባላል። የዘይት ቀለም ግን በቀላሉ አይለቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ቲቸር አየልኝ ጠሩኝ። የተማሩት ኬሚስትሪ ነው፤ የባዮሎጂ መምህር ስለጠፋ ባዮሎጂ ያስተምሩናል። «ሥዕል ትችያለሽ አሉ፤ የግቢው ግድግዳ ላይ ትልቅ ልብ ሳዪልን» አሉኝ። ከመጽሐፉ እያየሁ ሳልኩ። መጽሐፉ ታዲያ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ ጽፎታል። የኅትመት ስህተት ነው ብዬ «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉትን ጽሑፎች አቀያይሬ አስተካከልኩት። ጠዋት ሰልፍ ላይ ተጨበጨበልኝ፤ እናቴም መጥታ አጠገቡ ፎቶ ተነሳች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የገባኝ። ለካ ሥዕሉ ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ልብ ነው፤ የሱ ግራ በኛ ቀኝ ነው የሚውለው። ልናገር አስቤ የእናቴ ፎቶ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ለጓደኛዬ ለስምረት ብቻ ነገርኳት።

«አንቺ ደግሞ! ማን ያየዋል?» አለች።

ፈተና ላይ «የልብ ጡንቻ ይበልጥ የሚወፍረው በየትኛው በኩል ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ቢያንስ ወረቀት ላይ እውነቱን ልናገር ብዬ «በግራ» አልኩ።

ቲቸር ፈተና የሚያርሙት ውጪ፣ ግድግዳው ፊት ወንበር አውጥተው ነው። ወረቀት ሲመለስ ክፍሉ በሙሉ «በቀኝ» ብሎ አግኝቷል። ስምረትም አግኝታለች። ኤክስ ያለው የኔ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ቲቸር አየልኝ ወረቀቴን ሲሰጡኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ። «በገዛ እጅሽ የሳልሽውን!»