ከቀዩ በርሜል አጠገብ

ጠርሙሱን በክሩ እየሳብኩ ከሐይቁ አወጣለሁ። ድንጋይ አስሬበት ነው ያወረድኩት፤ ሃያ አምስት ክንድ ታች፣ ወለሉን ሲነካ፣ ቡሹን በሌላ ክር ነቀልኩትና የታችኛውን ውሃ ሞላ። ቴርሞሜትሩን እከትበታለሁ። አሥራ ሦስት ዲግሪ።

እናቴ ከትንሿ ጀልባችን ጫፍ ሆና ታየኛለች። «ስንት አለ?»

«ተሳስቻለሁ፣ እማዬ።»

አባቴ ሃያ ዓመት ከሠራበት ከትልቁ የመንገደኞች ጀልባ ወድቆ ከሰጠመ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። እዚሁ፣ ከቀዩ ተንሳፋፊ በርሜል አጠገብ ሲሰጥም ስልሳ ሰው አይቶታል። ፍለጋው ግን ነፋሱ ወደሚገፋበት ወደ ሸምበቆው ዳር ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ባሕር ማዶ ተምሬ ከተመለስኩ ወር ያልሞላኝ እኔ፣ «እዚያ የለም» አልኩ። ሳንባው ውስጥ ውሃ የገባ ሰው ከውሃው ጥቂት ይከብዳል፤ በወረደ ቁጥር ግፊቱ የቀረችውን አየር ይጨፈልቃትና ይብስ ይከብዳል። የሚሄደው ቁልቁል ነው። ኋላ ሆዱ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ጋዝ ይሠራሉ፣ ገላው ይነፋል፣ ወደ ላይ ይወጣል። በአምስተኛው ቀን፣ ብዬ ነበር። እናቴ አምስት ብላ ቆጥራ ጀልባ ይዛ ወጣች።

«ከወደቡ ዳር የላይኛውን ውሃ ነበር የለካሁት» እላታለሁ። «ታች ቀዝቃዛ ነው። ብርድ ያዘገየዋል።»

«እና ትምህርቱ አይደለም የተሳሳተው። አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«እሰይ። አንቺንማ ወልጄሻለሁ፣ እችልሻለሁ። መቼ ነው ታዲያ?»

«ሦስት ቀን። አራት። እንጃ፣ እማዬ። ጨርሶ ላይነሳም ይችላል።»

«አባትሽን ቀስቅሶ የሚያውቅ ማን አለ? በራሱ ሰዓት ነው የሚነሳው።»

ከዳር የወደቡ ኃላፊ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል። «እትዬ! መንገዱን ይልቀቁ! ጀልባው ዛሬ ሥራ ይጀምራል! ሰባት ቀን ታግሰናል!»

እናቴ ድምፅ ማጉያ አያስፈልጋትም። «ቀብሬው ነው የምሄደው! ሙሉ ገላውን! አንተ ደግሞ ሥራ ካጣህ ከዚያ ሆነህ ቀኑን ቁጠር!»

በርሜሉ የትልቁ ጀልባ መንገድ ምልክት ነው። አባቴ ቢነሳ የሚነሳው እዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ የሞተሩ ስለት ካገኘው የሚቀበር አይተርፍም።

ትልቁ ጀልባ ከወደቡ ይነሳል። የሚነዳው ጎርናናው ነው፤ ድምፁ ሞተር ስለሚመስል አባቴ ያወጣለት ስም። ቀጥ ብሎ ይመጣብናል። እናቴ ብድግ ትላለች፣ ጀልባችን ትናጣለች። ቁጭ በይ ልላት አፌን ከፍቼ፣ ቁጥሬን እንኳ ሳላምነው፣ አጠገቧ እቆማለሁ። ትከሻዋን እይዛለሁ። ትከሻዬን ትይዛለች።

ሠላሳ ክንድ ሲቀረው ሞተሩ ዝም ይላል።

«ምን ሆነህ ቆምክ?» ይላል ድምፅ ማጉያው።

«ተበላሸ!» ይላል ጎርናናው።

«አሁን ሲሠራ ሰምቼዋለሁ!»

ከመንገደኞቹ መሀል ዘንቢል ያቀፈች ሴት ትነሳለች። «እኛ እላዩ ላይ ተቀምጠናል፣ አንተ ከየብስ ሆነህ ትነግረናለህ? ተበላሽቷል ተባልክ!»

«ክፉኛ ነው የተበላሸው!» ይላል ሌላው። «ጭስም አለው!» ይላል ሦስተኛው። ምንም ጭስ የለም።

ጎርናናው በርሜሉ ላይ እንድናስርለት ገመድ ይወረውርልናል። አንዴ ይስታል። ደግሞ ይስታል፤ ገመድ መወርወር የአባቴ ሥራ ነበር። በሦስተኛው እናቴ ትቀልበዋለች፤ በርሜሉ ላይ እናስረዋለን፣ ጎርናናውም ገመዱን እየሳበ ጀልባውን ወደ እኛ ያስጠጋል።

ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ስንት ቀን ይፈጃል፣ ልጄ?»

«ሦስት። ምናልባት አራት። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«እኔም ስለ ሞተሩ እርግጠኛ አይደለሁም» ይላል። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል።

መንገደኞቹ ሳይነጋገሩ አንድ አንድ እያሉ ወደ እኛ በኩል ይመጣሉ፤ ጠርዙን ተደግፈው ወደ ውሃው ያያሉ። ትልቁ ጀልባ ከክብደታቸው የተነሳ ቀስ እያለ ወደ እኛ ያዘነብላል፣ ጥላው በርሜሉን አልፎ እናቴን እስኪሸፍናት።