የቀዩ ፔዳል ቦታ

አንጋፋው ጊታሪስት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ወደ ባንዱ ልምምድ ክፍል ሲገባ ፔዳሎቹን ቦታ ተቀያይረው አገኛቸው። ይህ ሦስተኛው ነው። አንዴ ቢሆን የጽዳት ሠራተኛዋ ነክታቸው ይሆናል ይባል ነበር፤ ሦስቴ ግን የለየለት ተንኮል ነው።

ጊታር ሲጫወት እግሩ ሥር የሚደረድራቸው አምስት ፔዳሎች አሉት። ከጊታሩ የወጣው ድምፅ በገመድ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል፤ አንዱ ያሻክረዋል፣ አንዱ ያስተጋባዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ይገባል። ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል የሚለው ነገር ቀልድ አይደለም። ሁለቱን ብቻ ብታቀያይራቸው ሌላ ሰው የተጫወተ ይመስላል።

እሱ ዘንድሮ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ቀዩን ፔዳል ከሁሉም መጨረሻ አድርጎታል። ፊት ላይ ሲሆን ሌሎቹ ይውጡታል፣ ድምፁም ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል ባይ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የጊታሩን ክር ሦስት ጊዜ ቀይሯል፤ ገመዶቹንም እንደዚሁ። «የዘንድሮ ዕቃ እኮ ዕቃ አይደለም» ይላል።

ያ የማይታወቅ እጅ ታዲያ ቀዩን ፔዳል እየነቀለ መልሶ መጀመሪያው ላይ ይሰካዋል።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ እሱ፣ የባንዱ መሪ ድራመሩና ሁለተኛው ጊታሪስት። ድራመሩ የሃያ ዓመት ወዳጁ ነው። የቀረው ያ ቀጮ የሚሉት ልጅ ነው። ሐሙስ የአንድ ትልቅ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ሊሰማቸው ይመጣል። ከወደዳቸው የዓመት ሥራ ያገኛሉ፤ መድረኩ ጠባብ ነውና የሚፈልገው ግን አንድ ጊታሪስት ብቻ ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ከዚህ ባንድ ቢወጣ ማን ወስዶ ያጫውተዋል? የጣት አያያዝ ያስተማረው ልጅ ጉድጓድ ሲቆፍርለት ማየቱ ደግሞ ከሁሉም ባሰበት።

ሹክሹክታቸውስ! ድሮ ሲያወሩ ጣራ የሚያነሡ ሰዎች ዘንድሮ ወሬያቸው ሁሉ በሹክሹክታ ሆኗል። ሲስቁ ያያል፤ በምን እንደሳቁ የሚነግረው የለም። ድራመሩም አዲስ አመል አምጥቷል። ዘፈን ሲያስጀምር እንደ ድሮው በአፉ መቁጠሩን ትቶ ዱላዎቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ያጋጫቸዋል። በስተርጅና ታይታ ጀመረው ብሎ ታዘበው።

ሁለቱም ለልምምድ እንደ ገቡ ድራመሩን «ዕቃዬን የሚነካካ ሰው አለ» አለው።

ድራመሩ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ «ማን ይነካብሃል ወንድሜ? ደግሞ እንዲህ ሲሆን ያምራል፤ ተጫወት በቃ» አለው።

«ያምራል? ይኼ ነው የሚያምረው?»

ፔዳሎቹን ነቅሎ በራሱ ተርታ ሰካቸውና ጊታሩን መታ። ገና ከመጀመሩ ቀጮ በመዳፉ ጆሮውን ደፈነ። በሰው ፊት! የሽማግሌው ደም ፈላ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ? እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

ቀጮ መሬት መሬቱን እያየ ከንፈሩን አነቃነቀ። ይቅርታ ይሁን ስድብ፣ እንጃለት።

የዚያን ቀን ከመውጣቱ በፊት ፕላስተር ቆራርጦ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጻፈና በየፔዳሉ ላይ ለጠፈ። አሁን የሚነካ ሰው ይነካና እንተያያለን አለ።

ረቡዕ ጠዋት ወጥ ቤት ተቀምጦ ተርታውን ወረቀት ላይ ሲነድፍ ሚስቱ ከመኝታ ቤት እየሮጠች መጥታ የምታፏጨዋን ማንቆርቆሪያ ከምድጃው ላይ አወረደች።

«አጠገብህ ሆኖ ውኃው ተንተክትኮ ይለቅ? ሐሳብህ የት ነው?»

«ተይኝ እባክሽ። ሰው ሊያጠፋኝ ተነሥቷል» አላት።

ከሰዓት በኋላ ሲሄድ ቁጥሮቹ ከአንድ እስከ አምስት በተርታቸው አሉ። ቀዩ ፔዳል ግን አንደኛ ነው። ተንኮለኛው ፕላስተሩን ሁሉ ልጦ እንደገና ለጥፎታል! ጊታሪስቱ ጅል የተደረገ ያህል ተሰማው። ፔዳሎቹን በራሱ ተርታ መልሶ ሰካቸው። ሴት ልጁ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ባልደውል፣ መልእክት ብጽፍልህ ይሻላል» ብላ አዲስ ስልክ ስትገዛለት የጊታሩ ሻንጣ ጥግ የጣለው አሮጌ ስልክ ነበረው። ድምፅ እንዲቀዳ አድርጎ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሸጎጠውና ደህና እደሩ ብሎ ወጣ።

ሐሙስ በጠዋት ማንም ሳይቀድመው ሄዶ ስልኩን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ የሚመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እሱ ከዚያ በፊት ቅጂውን በሁሉም ፊት ከፍቶ ያንን ልጅ ያስባርረዋል። ሚስቱ ዕቃ ስታጥብ ስልኩን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

በር ተዘጋ። እርምጃ፤ ዱብ፣ ዱብ። ከዚያ የአንድ ሰው ጉምጉምታ፣ ቀጥሎ የሁለት። አንድም ቃል አልያዝ አለው። መልሶ ከፈተው። አሁንም ጉምጉምታ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«እዩልኝ እነዚህን ጉዶች! ብቻቸውን ሆነው እንኳ ይንሾካሾካሉ!»

ሚስቱ በእርጥብ እጇ ስልኩን ነጠቀችው፤ ከዚያም እንደለመደችው ፊቱን ወደ ራሷ አዞረችና፦

«ቀንሰው እንጂ ሰውዬ! ያ ቀጮ ‹ጋሼ ሳያዩን ቀዩን ቶሎ ወደ ፊት እንመልሰው፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት እንዳያፍሩ፣ እኔ ብቀር ይሻላል› እያለ ሲጮህ ታች ቤት ያሉት ሁሉ ሰሙት እኮ!»