የቡሬ ሦስተኛ ምርመራ

«ሞተዋል» አለች ሸዋገነት፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። «አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።»

ዋሪስ በሩ ላይ ቆሟል። የኮርማውን ዘር በጠርሙስ ተቀብሎ፣ እንዳይበርድ ብብቱ ሥር ይዞ ያመጣው እሱ ነው።

«ይኼ ሁለተኛው ነው» አሉ የማዳቀያ ጣቢያው ኃላፊ ጓድ ማዘንጊያ። «ሦስተኛውም እንዲህ ከሆነ ቡሬ ቄራ ይሄዳል። ለጌጥ ኮርማ አንቀልብም።»

ዋሪስ ድሮም ቃል አያበዛም። ሚስቱን ከቀበረ፣ ልጁም በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደግሞ የሚያወራው ከቡሬ ጋር ብቻ ነው። ጋጣው ገብቶ ግንባሩን አከከለት።

«አንተ ደህና ነህ። የሚገድለው የልጅቷ እጅ ነው» አለው።

የቀድሞው መርማሪ አንዴ በማይክሮስኮፑ አሳይቶት ነበር፤ የቡሬ ዘር እንደ ጉንዳን ይርመሰመስ ነበር። ያ ሰው ተዛወረና ሸዋገነት ከደብረ ዘይት መጣች። ክፍሉ የሚባለው ዕቃ አጣቢም በዚያው ሰሞን ዘመተ፤ ሥራው ለዋሪስ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ሞተ። ዘሩ ላይ ቀይ ነገር ስታንጠባጥብ በዓይኑ አይቷታል።

«ምንድነው የምትጨምሪበት?»

«ቀለም ነው አባባ። የሞተው ይቀላል፣ ነፍስ ያለው ነጭ እንደሆነ ይቀራል።»

«ቀለሙ አይገድልም?»

ሳቀች። «እርስዎ ደግሞ። የሚገድለው የድሬ ሙቀት ነው።»

አላመናትም። ለሦስተኛው ምርመራ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ቡሬን ከጥላ ጥላ አዞረው፤ ጀርባው ላይ ውሃ አፈሰሰለት። ጠርሙሱንም እንዳትነካው ደበቀ። ዘር የነካው ገላ ሳይታጠብ አይሰግድም፤ ዋሪስ ጠርሙሱንም እንደ ገላ ነበር የሚያየው። ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የምትደርሰውን ሳሙና፣ የገዛ ሽርጡ ቆሽሾ፣ እንደ ቀደሙት ሁለት ጊዜያት ሁሉ ለጠርሙሱ አዋላት። አረፋው እስኪገነፍል አሸ፤ ደግሞ አሸ። ውሃው የጀሪካን ነውና አንዴ ለቅለቅ አድርጎ፣ እንዲደርቅ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ደፋው።

«ሞተዋል» አለች ሸዋገነት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ወደ ቄራው ሲወሰድ ዋሪስ ገመዱን ራሱ ያዘ፤ ቡሬ ለሌላ ሰው አይሳብም። የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ ኮርማው አንዴ ቆመ። ዋሪስ «ና» አለው። መጣ።

ከቄራው ገመዱን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋገነትን አላናገራትም፤ ሰላም ስትለው ጀርባውን ይሰጣታል።

አዲሱ ኮርማ በባቡር መጣ። ዋሪስ ስሙንም አልጠየቀም። ቁጢጥ ብሎ ጠርሙሱን ሲያሽ፣ ሸዋገነት መጥታ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን ከእጁ ወሰደችና አሸተተችው።

«ክፍሉ አልነገረዎትም እንዴ፣ አባባ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይኼ በፈላ ውሃ ብቻ ነው የሚታጠበው፤ ሳሙና የነካው ዘር ይሞታል።»