አጠገቧ ያለውን ናፍቃ

አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ ከአንድ ሳህን አብሯችሁ እየበላ የናፈቃችሁ ሰው ኖሮ ያውቃል? ካለ፣ ሩላን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ከሌለ ደግሞ ዝም ብላችሁ ስሙ። ያን ዓርብ የአባቷን ሳሎን የሞሉት ሃያ ሁለት ወንዶችም እንዲህ ያለ ናፍቆት አያውቁም ነበር፤ ዝም ማለቱን ግን አልቻሉበትም።

ከባሏ ወገን የተላኩት ሽማግሌዎች መሪ ሸኽ ነዋፍ የተቀዳላቸውን ቡና ተቀብለው ሳይቀምሱ ፊታቸው አስቀመጡት። የመጡበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አይጠጡም። የመጡት ደግሞ ባሏን አኩርፋ አባቷ ቤት ከገባች አርባ ቀን የሆናትን ሩላን ለመመለስ ነው። እሷ ገርበብ ካለው የማድቤት በር ኋላ ከእናቷ ጋር ቆማለች።

«አቡ ጋሊብ ወንድሜ» አሉ ሸኹ አባቷን፣ «ልጃችን ሙንዚር አይጠጣ፣ እጁን አያነሳ፣ ከቤቱ ውጭ አያድር። ሚስቱን ስጡን።»

ወንድሟ ጋሊብ ፋርማሲስት ነው፤ ትዕግሥት ግን በመደርደሪያው ላይ የለም። «ቁማርተኛ ነው ሸኽ! ጠዋት ወርቅ ይገዛል፣ ከሰዓት ይሸጣል፤ በእጁ ግን አንዲት ግራም ነክቶ አያውቅም። ሁሉም በስልክ ነው!»

«አስተግፊሩላህ በል! ቁማር ሐራም ነው፤ መግዛትና መሸጥ ንግድ ነው። ደግሞስ መቼ ከሰረ? ዘንድሮ እንኳ አትርፏል።»

«የሚያተርፍ ቁማርተኛ አይተው አያውቁም? የማይድነው እሱ ነው!»

የሙንዚር አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ በሽታ ነው ጎበዝ። ዶክተሩ ትኩረት የማጣት ችግር ነው ብሎታል። ከልጅነቱም አንድ ቦታ አይቀመጥም ነበር። መድኃኒት ጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«የምን ትኩረት ማጣት!» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ። «የያዘውን የማይለቅ ነው እንጂ! እርግብ ሲያረባ ጣሪያ ላይ አልነበር እንዴ ውሎው?»

«እርግብ አርቢ እኮ ውሸታም ነው ተብሎ ፍርድ ቤት ምስክርነቱ እንኳ አይያዝም!» አለ ሌላው። ሳሎኑ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ! ለአንድ ሰው ሦስት ስም አወጡለት፤ በር አጠገብ የተቀመጠውን ሙንዚርን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። በበሩ ስንጥቅ የምታየው ሩላ ብቻ ነበረች። አጎቱ ደጅ ላይ ስልኩን ተቀብለውታል። አውራ ጣቱ ግን ጉልበቱ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ይንሸራተታል።

ትኩረት አጣ? እሷ ያየችው ሌላ ነው። ስልኩ ላይ የወርቅ ዋጋ በሚያሳዩ ቀይና አረንጓዴ መስመሮች ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዐይኑን ሳይነቅል፣ ሻዩ እየቀዘቀዘ፣ እግሩ እየደነዘዘ ሲቀመጥ ነው ያየችው። አንድ ቀን ሆን ብላ ፊቱ ቆመች። መጋረጃ እንደሚገልጥ ሰው በእጁ ገፋ አድርጎ አሳለፋት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ቢያንስ አይቷታል ማለት ነበር።

የታጩ ዕለት ደግሞ የዘመድ ንግግር ሲረዝም እሱ እሷን ብቻ ሲያይ ቆየ። ኋላ ጠጋ ብሎ «መቶ አርባ ጊዜ ዐይንሽን ጨፈንሽ» አላት። እብድ ነው ብላ ሳቀች፤ ሳምንቱን ሙሉም ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ያኔም ያው ዐይን ነበር፣ ያው አለመልቀቅ። ያኔ ግን የእሷ ነበር።

አላህ ይቅር ይበላትና፣ በእነዚያ አርባ ቀናት አንድም ጊዜ «አድንልኝ» ብላ አልለመነችም። የለመነችው «በወርቁ ሳይሆን በእኔ ይታመም» ብላ ነው።

«አቡ ጋሊብ» አሉ ሸኹ፣ «ቡናው ቀዘቀዘ እኮ።»

አባቷ እጃቸውን ወደ ስኒው ዘረጉ። ሃያ ሁለት ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው። «እንግዲህ፣ ሸኽ... ቡናዎን...»

ሩላ በሩን ከፈተችው። እናቷ እጅጌዋን ያዙ፤ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ታዋርጂናለሽ!» እጅጌዋን ነጥቃ ወጣች።

«አይጠጡ፣ ሸኽ።»

ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። «ሩላ! ግቢ!» አሉ አባቷ።

«እገባለሁ አባዬ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው።»

«ልጄ» አሉ ሸኹ ለስለስ ብለው፣ «ለእሱ የምንመልሰው እኛ ነን። ለዚህ አይደል የመጣነው?»

«እስካሁንማ መለሳችሁ። አንዱ ንግድ አለ፣ አንዱ በሽታ፣ አንዱ እርግብ። እኔ እናንተን አላገባሁም።»

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ዋጠው። ሙንዚር ቀና አለ። ዐይኑ ዐይኗ ላይ አረፈ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እሷም አታውቅም። የበሩን ጠርዝ ያዘች። ብትጠይቀው ይሄ እይታ ይጠፋባት ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ይጠፋል።

«ልጁ አፍሯል እኮ፣ እስቲ...» አሉ አጎቱ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። ሙንዚር! ዛሬውኑ ሻንጣዬን ይዤ አብሬህ ልሂድ፣ እሺ። ሰኞ ጠዋት ገበያው ሲከፈት ፊትህ ልቁም። ያን ሰዓት ወርቁም መውደቅ ይጀምር። ማንን ታያለህ? እወድሻለሁ አትበለኝ፣ እሱን አውቀዋለሁ። በስልክ አትጻፍልኝ። ሽማግሌም አትላክብኝ። እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ፣ በገዛ አፍህ ንገረኝ፤ ማንን ታያለህ? መልስ!»